አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

ጤና ይስጥልኝ። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ሁለት ምርጫዎች ነው። ራቅ ብሎ ባለ ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት፣ ሪሞት ዴስክቶፕ ለሚሉት ሥራ፣ የትኛውን ፕሮግራም እንያዝ? የኢንተርኔት መስመሩንስ ከማን እንውሰድ? ብዙ ሰው እነዚህን እንደ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ነው የሚያያቸው። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። ዋጋዬን አግኝቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመት ለሚሆን ጊዜ ቤቴ ቁጭ ብዬ ቢሮ ያለውን ኮምፒውተር እጠቀም ነበር። ጠዋት ጠዋት ደህና ነው። ከሰዓት በኋላ ግን ማውሱን ሳንቀሳቅስ ቀስቱ ቆይቶ ነው የሚከተለኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሼ ቀና ስል ስክሪኑ ገና ሁለተኛው ቃል ላይ ነው። ፕሮግራሙን ሰደብኩ። ቀየርኩት። አዲሱም ሳምንት ሳይሞላው ስታክ ማድረግ ጀመረ። ሦስተኛውን በገንዘብ ገዛሁ። እሱም ያው። በመጨረሻ የቤቴን ኢንተርኔት ወደ ትልቁ ጥቅል አሳደግሁት። ለውጥ የለም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ሁሉም ነገር ቀልጠፍ አለ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ያለ ያህል ሆነ። ቢሮ ደወልኩ። «ዛሬ ምን አደረጋችሁ?» አልኩ። ለካ የቢሮው ፋይል በሙሉ በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ክላውድ ይገለበጣል። በዚያን ቀን ግን ቅጂውን የሚሠራው ማሽን ተበላሽቶ ጠፍቷል። የቢሮው መስመር ወደ ውጭ የሚልክበት አቅም ደግሞ 2 ሜጋቢት በሰከንድ ብቻ ነበር። ያቺን ጠባብ መንገድ ቅጂው ሲሞላት የእኔ ምስል ከኋላ ተሰልፎ ተራውን ይጠብቅ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው። ዓመት ሙሉ ዳውላውን ስደበድብ ከረምኩ።

ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ከመስመሩ ይጀምራል። የእናንተ ሳይሆን የዚያኛው ወገን፣ ኮምፒውተሩ ያለበት ቦታ መስመር።

እስቲ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ዓመቶቹን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው። ዲሴምበር 9 ቀን 1968 ዳግላስ ኤንግልባርት የተባለ መሐንዲስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በሰው የተሞላ አዳራሽ ፊት ተቀመጠ። ማውስ የሚባል ዕቃ ይዞ ጽሑፍ ሲያርም፣ ሊንክ ሲከፍት፣ ሌላ ከተማ ካለ ባልደረባው ጋር በቪዲዮ እየተያየ ሲሠራ አሳየ። ኮምፒውተሩ ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሜንሎ ፓርክ ነበር። የስክሪኑን ምስል ወደ አዳራሹ ለማምጣት ሁለት የማይክሮዌቭ መስመር አስፈለገ። የማውሱንና የኪቦርዱን ምልክት ወደ ኮምፒውተሩ ለመላክስ? አንዲት የ1200 ቦድ የሞደም መስመር በቃች።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ይኼ ግን አልተለወጠም። ከእናንተ ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደው የጣት ንካታ ነው፣ ቀላል ነው። ከኮምፒውተሩ ወደ እናንተ የሚመጣው ምስል ነው፣ ከባድ ነው። ምን ያህል ከባድ? የተለመደው 1920 በ1080 ስክሪን ሁለት ሚሊዮን ከሚበልጡ ነጥቦች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ይይዛል። በሰከንድ 30 ጊዜ ይላክ ብንል 1.5 ጊጋቢት በሰከንድ ገደማ ይመጣል። ይኼንን ማንም ተራ መስመር አይችለውም። ፕሮግራሞቹ የሚሠሩት ተአምር ይኼንን ጨምቀው ወደ ጥቂት ሜጋቢት ማውረዳቸው ነው። ስክሪኑ ላይ የተለወጠችውን ቁራጭ ብቻ ይልካሉ፤ ያልተነካውን ይተዉታል። ለዚህ ነው ጽሑፍ ሲጻፍ ሁሉም ደህና የሆነው፣ ቪዲዮ ሲከፈት ግን የሚንተባተበው።

አሁን ልብ በሉ። ያ ምስል ለእናንተ ዳውንሎድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን አፕሎድ ነው። አቅራቢዎች በትልቁ ጽፈው የሚለጥፉት ቁጥር ደግሞ ዳውንሎዱን ነው። አፕሎዱ ትንሽ ፊደል ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፣ ያውም ከተገኘ። በስልክ ገመድ የሚመጣው ኤዲኤስኤል የመጀመሪያ ፊደሉ «እኩል ያልሆነ» የሚል ቃል ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ኤዲኤስኤል ሁለት ፕላስ የሚባለው እስከ 24 ሜጋቢት ያወርዳል፣ ወደ ላይ ግን ከአንድ ሜጋቢት ብዙም አይርቅም። ፋይበር በጣም ይሻላል። ቢሆንም ብዙ ቦታ የተዘረጋው ጂፖን የተባለው ፋይበር ወደ ታች 2.4፣ ወደ ላይ 1.2 ጊጋቢት ገደማ ሆኖ ለ32 ወይም ለ64 ደንበኞች የሚከፋፈል ነው። የእናንተ ብቻ አይደለም። ማታ ሁሉም ቤቱ ሲገባ መስመሩ የሚከብደው አንዱ ምክንያት ይኼ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር። ቢትና ባይት አይምታታባችሁ። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። 100 ሜጋቢት ገዝታችሁ ፋይል ሲወርድ 12.5 ሜጋባይት ብታዩ ማንም አልሰረቃችሁም።

ፍጥነት የምንለው ግን ግማሹ ነገር ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ ትንሹ ግማሽ ነው። ዋናው መዘግየት ነው፤ ፒንግ የምትሉት። ምልክቱ ሄዶ ለመመለስ የሚፈጅበት ጊዜ ማለት ነው። በኮምፒውተርና በሰው ግንኙነት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ1968 ጀምሮ የሚጠቅሱት አንድ ልክ አለ። ምላሽ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ከመጣ ሰው ወዲያውኑ የመጣ ይመስለዋል። ከዚያ ካለፈ እጁና ዓይኑ ይለያያሉ። ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ እያንዳንዷ ፊደል ደርሶ መልስ ጉዞ አላት። ጫን አላችሁ፣ ሄደች፣ ተሣለች፣ ተመለሰች። ስለዚህ 500 ሜጋቢት መስመር ይዛችሁ ፒንጉ 300 ሚሊሰከንድ ከሆነ አሳራችሁን ትበላላችሁ። 10 ሜጋቢት ይዛችሁ ፒንጉ 30 ከሆነ ደግሞ ደልቷችሁ ትሠራላችሁ።

ከመዘግየቱ ጥቂቱን ማንም አቅራቢ ሊያስቀርላችሁ አይችልም። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ የሚሄደው በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኮምፒውተሩ 5,000 ኪሎ ሜትር ከራቀ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊሰከንድ ነው፤ ገመዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ማለት ነው፣ ቀጥ ብሎ ደግሞ አይሄድም። የድሮው ዓይነት ሳተላይት ይባስ። ከምድር 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ስለተቀመጠ ጥያቄው ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪመጣ ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። በእሱ ላይ ሪሞት ዴስክቶፕ መሥራት ትዕግሥት መለማመጃ ነው። እንደ ስታርሊንክ ያሉት 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበሩ ነገሩ ሌላ ነው፤ ይሠራባቸዋል።

አሁን የእኔ ችግር ወደነበረው ልምጣ። እሱ ርቀት አልነበረም። መጨናነቅ ነበር። ራውተሮች መስመሩ ሲሞላ መረጃውን ላለመጣል ብለው ያከማቹታል። አሳቢ ይመስላሉ። ነገር ግን ክምችቱ ሲረዝም እያንዳንዷ ፊደል ከረጅሙ ሰልፍ ኋላ ትቆማለች። ጂም ጌቲስ የተባለ ባለሙያ ቤቱ ውስጥ ይኼንን አይቶ በ2010 በፈረደበት መሣሪያ ላይ ሳይሆን በሰልፉ ላይ ጣቱን ቀሰረ፤ ባፈርብሎት የሚል ስም አወጣለት። ያበጠ ሰልፍ በሉት። መፍትሔውም አለ። ኮዴል የሚባለው ዘዴና ከእሱ የተወለዱት ሰልፉን አጭር ያደርጉታል፣ ብዙ ራውተሮች ላይም ይገኛሉ። ያ ባይኖር እንኳ የክላውድ ቅጂውን የአፕሎድ ፍጥነት መገደብ ብቻ ነገሩን ያበርደዋል።

እናንተ ጋ ይኼ ችግር መኖሩን ለማወቅ ባለሙያ አትጥሩ። ኮምፒውተሩ ባለበት ቦታ አንድ ሰው ይቀመጥ። ወደ 8.8.8.8፣ ወደ ጉግል አድራሻ፣ ፒንግ ይክፈትና ቁጥሩን ይይ፣ 25 እንበል። ከዚያ ትልቅ ፋይል ወደ ላይ ይጫን፣ ፒንጉ እንደተከፈተ። 25 የነበረው 40 ከሆነ እሰየው። 600 ከሆነ ጥፋተኛው ተይዟል። ሙከራውን ሌሊት ሳይሆን ሥራ በሚበዛበት ሰዓት አድርጉት። ደግሞ በዋይፋይ ሳይሆን በገመድ። ዋይፋይ የራሱን ጥፋት በአቅራቢው ያሳብባል።

መስመሩ ከተጣራ ፕሮግራሙን መምረጥ ይቀላል።

በመሠረቱ ሁለት ወገን ናቸው። አንደኛው ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር በቀጥታ የሚያገናኘው ነው። የማይክሮሶፍቱ አርዲፒ በ1998 ከዊንዶውስ ኤንቲ 4.0 የተርሚናል ሰርቨር እትም ጋር ወጣ። ብልሃቱ ምስል ብቻ አለመላኩ ነበር፤ «እዚህ መስኮት ሣል፣ እዚህ ይኼን ጽሑፍ አስቀምጥ» የሚል ትእዛዝ ይልካል። ዛሬ ሁለቱንም እንደ ሁኔታው ያቀላቅላል። ለቢሮ ሥራ፣ ለጽሑፍና ለሰንጠረዥ፣ ቀጭን መስመር ላይ እሱን የሚያክል አላየሁም። ግን የሚቀበለው ኮምፒውተር ፕሮፌሽናል ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ዊንዶውስ መሆን አለበት፤ የሆም እትም ሌላውን ይጠራል እንጂ ራሱ አይጠራም። ብዙ ሰው ይኼንን የሚያውቀው ኮምፒውተሩን ከገዛ በኋላ ነው። ከዚሁ ወገን ሌላው ቪኤንሲ ነው፣ ኬምብሪጅ ባለ አንድ የምርምር ላብራቶሪ በ1990ዎቹ የተሠራ። ስክሪኑን እንደ ነጥብ ብቻ ስለሚያይ የትም ይሠራል፤ ሊኑክስ፣ ማክ፣ ምንም። የሚከፈልበት ዋጋ ግን ክብደቱ ነው።

ሁለተኛው ወገን በመሐል ሰርቨር የሚያገናኙት ናቸው፦ ቲምቪወር፣ ኤኒዴስክ፣ ክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ረስትዴስክ። ቁጥር ትሰጣላችሁ፣ ትገባላችሁ። ለጀማሪ እነዚህ ይሻላሉ። ቲምቪወርና ኤኒዴስክ ለግል ጥቅም በነፃ ይሰጣሉ፤ ለንግድ ስትጠቀሙ የጠረጠሩ ዕለት ግን መስመሩን ያቋርጡባችኋል። ስለዚህ የድርጅት ሥራ ካላችሁ ከመጀመሪያው ፈቃዱን ግዙ። የክሮሙ ነፃና ቀላል ነው፣ ብዙ ነገር ግን አትጠብቁበት። ረስትዴስክ ኮዱ ክፍት ነው፤ የመሐሉን ሰርቨር ራሳችሁ ማቆም ትችላላችሁ። እጁ ላይ ትንሽ የቴክኒክ ዕውቀት ላለው ሰው እኔ የምመርጥለት እሱን ነው። ለቪዲዮ አርትዖትና ለጌም ደግሞ ፓርሴክ አለ።

ስለ አንድ ትንሽ ነገር ማንም ስለማይናገር ልናገር። ቀይ ጽሑፍ በጥቁር መደብ ላይ በሪሞት ሲታይ ደብዘዝ ይላል አይደል? ዓይናችሁ አይደለም። ፕሮግራሙ ምስሉን በቪዲዮ ዘዴ ሲጨምቅ ብርሃኑን ለእያንዳንዱ ነጥብ ይይዛል፣ ቀለሙን ግን ለአራት ነጥብ አንድ ብቻ። ለፊልም ግድ የለውም። ለፊደል ግድ አለው። አንዳንዶቹ ፕሮግራሞች 4:4:4 የሚል ምርጫ አላቸው፤ እሱን አብሩት። መስመሩ ላይ ጫና ይጨምራል፣ ዓይናችሁን ግን ያሳርፋል።

ከሁሉ በላይ አደራ የምለው ደኅንነቱን ነው። አርዲፒ 3389 በሚባል ፖርት፣ ማለትም ከውጭ ጥሪ በሚቀበልበት የበር ቁጥር፣ ነው የሚያዳምጠው። ያንን ፖርት ራውተራችሁ ላይ ለዓለም ከከፈታችሁ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደ መተኛት ነው። ኢንተርኔቱን ቀን ከሌት የሚያስሱ ማሽኖች አሉ፤ ብዙም ሳይቆዩ ያገኙታል፣ ፓስወርድ መሞከር ይጀምራሉ። ቁጥሩን ወደ ሌላ መቀየር ብዙም አያድናችሁም። በ2019 ብሉኪፕ የተባለ ቀዳዳ ሲገኝ ያለ ምንም ፓስወርድ ያስገባ ነበር። ማይክሮሶፍት ድጋፉን ካቆመ ዓመታት ላለፉት ለዊንዶውስ ኤክስፒ ሳይቀር ማስተካከያ አወጣ። ነገሩ ያን ያህል አስፈርቷል። መፍትሔው በሩን ከቪፒኤን፣ ማለትም ከተመሰጠረ የግል መተላለፊያ፣ ኋላ ማድረግ ነው። ዋየርጋርድ የሚባለው ቀላልና ፈጣን ነው፤ ከ2020 ጀምሮ ሊኑክስ ውስጥ አብሮ ይመጣል።

የመሐል ሰርቨር ያላቸውም ቢሆኑ ከአደጋ ነፃ አይደሉም። ኤኒዴስክ በፌብሩዋሪ 2024 ሰርቨሮቹ መጠለፋቸውን ራሱ አስታውቆ የድረ ገጹን ፓስወርዶች ሰርዟል። እኔ ይኼን ሰምቼ አልተውኩትም። ያደረግሁት ሁለተኛ ማረጋገጫ ማብራትና ፕሮግራሙን ቶሎ ቶሎ ማደስ ነው። ሥራ ሲያልቅም እዘጋዋለሁ።

አሁን ወደ አቅራቢው ቢሮ እንሂድ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት የመጀመሪያው ነገር አፕሎዱ ስንት ነው የሚለው ነው። በቁጥር ይንገሯችሁ፣ «በቂ ነው» አይበሏችሁ። ሁለተኛው የአይፒ አድራሻ ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

አይፒ አድራሻ በኢንተርኔት ላይ እንደ ቤት ቁጥር ነው። የድሮው ዓይነት በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። በፌብሩዋሪ 2011 ከዓለም አቀፉ ጎተራ የመጨረሻው ታደለ። ስለዚህ ብዙ አቅራቢዎች አንድ አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ማካፈል ጀመሩ። ሲጂናት ይሉታል። ፊልም ለማየት ምንም አይጎዳም። ከውጭ ወደ ቤታችሁ ለመግባት ስትሞክሩ ግን የሚያስገባችሁ በር የለም። ራውተራችሁ ላይ ፖርት ብትከፍቱ፣ የአጥር ግቢው ዋና በር በሌላ ሰው እጅ ነው። ለማወቅ ራውተሩ የሚያሳየውን የውጭ አድራሻ እዩ። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ የሚጀምር ከሆነ ተካፍላችኋል። እነ ኤኒዴስክ በዚህም ላይ ይሠራሉ፤ በቀጥታ መገናኘት ሲያቅታቸው ግን ምስሉ በእነሱ ሰርቨር በኩል ይዞራል። ሰርቨሩ ሩቅ ከሆነ አጠገባችሁ ያለ ኮምፒውተር ሌላ አህጉር ያለ ይመስላል። እንግዲህ የራሳችን የሆነ ቋሚ አድራሻ፣ ወይም አይፒቪ6 የሚባለውን አዲሱን ዓይነት ትሰጣላችሁ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

ከዚያ ስለ ብልሽት። «99 ከመቶ አይቋረጥም» ሲሏችሁ ደስ አይበላችሁ። ቀሪዋ አንድ ከመቶ በዓመት ሦስት ቀን ተኩል ያልፋል። 99.9 ከሆነ 9 ሰዓት አይሞላም። ቃሉን ሳይሆን ሲቋረጥ ምን እንደሚመልሱላችሁ ጠይቁ። የዳታ ገደብ ካለም እወቁት። የቀረውን ጎረቤት ይነግራችኋል፤ ያው መንገድ ላይ ያለ፣ ያንኑ መስመር የሚጠቀም ጎረቤት። ከማንኛውም ማስታወቂያ እሱን እመኑ። ከሆነም አጭር ውል ያዙ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ጥያቄ ካለ።

ኮምፒውተሩ ቢጠፋስ ያሉኝ ሰው ነበሩ፣ እዚያ ከኋላ። ጥሩ ጥያቄ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲነሳ የሚያደርግ ምርጫ ባዮስ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ በሚከፈተው ቅንብር ውስጥ፣ አለ። እሱን አብሩ። እንቅልፍ ውስጥ እንዳይገባም ከልክሉት። ራውተሩ ትንሽ ባትሪ ካለው ደግሞ የበለጠ ነው።

እህቴ፣ የእርስዎ ጥያቄ በአማርኛ ሲጽፉ ፊደሉ ይዘበራረቃል ነው? ምክንያቱ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ቃሉን ለመሥራት መሻማታቸው ነው። የእርስዎ ማሽን «ሀ»ን ሠርቶ ይልካል፣ ያኛው ደግሞ የመጣለትን እንደገና ሊሠራ ይሞክራል። እጅዎ ላይ ያለውን ኪቦርድ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱትና የግዕዙን በሩቁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ያብሩት። እንደሱ ቀጥ ይላል።

አንድ ሰው ደውሎ «ባንክዎ ነኝ፣ ይኼን ፕሮግራም ይጫኑ» ቢለኝስ? ስልኩን ይዝጉት። እሱ ላይ ክርክር የለም። እናት አባቶቻችሁም ይኼን ይስሙ፤ በብዛት የሚታለሉት እነሱ ናቸው።

የመጨረሻ። አሁን የትኛውን ነው የምትጠቀመው? ቢሮው የክላውዱን ቅጂ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ወደ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት አዛወረው። የቤቴን ጥቅልም ወደ ትንሹ መለስኩት። ፕሮግራሙ የመጀመሪያው ነው፣ ያ የሰደብኩት።